የአንድ ማሳ ሲራ፦ ስንቀምሰው የምንፈልገው ምንድን ነው?

ዳገት_ላይ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከኮት ሮቲ የመጣ የአንድ ማሳ ሲራ ከፍቼ ነበር፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። (ሲራ ከዚሁ ስም ካለው ጥቁር ወይን ፍሬ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ነው፣ «የአንድ ማሳ» ሲባልም ፍሬው ከአንድ የወይን እርሻ የመጣ ማለት ነው።) የአምራቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስም ከተነሳ ወሬው ወደ ዋጋና ወደ ነጥብ ይሄዳል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ወይኑ ነው።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ኮት ሮቲ በፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ቀጥ ብሎ የቆመ ዳገት ነው። ተክሉ በድንጋይ እርከን ላይ ይተከላል፣ ንፋስ እንዳይጥለውም በእንጨት ምሰሶ ይደገፋል። ትራክተር እንደልቡ የሚገባበት ቦታ ስላልሆነ አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው። የእኔ ጠርሙስ የመጣው ኮት ብሩን ከሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ያለው አፈር ብረት የበዛበት፣ ጠቆር ያለ ሽስት፣ ማለትም በንብርብር የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ወይኑም ጠንከር ያለና ቶሎ የማይከፈት በመሆኑ ይታወቃል። ኮት ብሎንድ ደግሞ አፈሩ ፈካ ያለ፣ ወይኑም ለስለስ ያለ ነው።

እንደቀዳሁት ዝግ ነበር። አሁን የተጫረ ክብሪት የመሰለ ሽታ ብቻ። ብርጭቆውን ሁለት ሦስቴ አሽከርክሬ ተውኩት። ተመልሼ ሳሸተው ክብሪቱ ጠፍቶ ጥቁር የወይራ ፍሬ መጣ፣ ከዚያ የተጨሰ ስጋ፣ ከሥሩ ደግሞ ቫዮሌት አበባ። አበባና ስጋ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሳይጣሉ የሚኖሩበት ሌላ ቀይ ወይን ብዙም አላውቅም። ፉት ስለው ፍሬው ጥቁር ነው ግን ጣፋጭ አይደለም። ታኒኑ፣ ያ አፍ የሚያጨማድደው ነገር፣ ድድ ላይ ቀረት ይላል እንጂ አፍ አያደርቅም። ቁንዶ በርበሬው የመጣው ከዋጥኩት በኋላ ነው፣ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ እየወጣ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ለእኔ የአንድ ማሳ ወይን ጥሩ የሚሆነው ጣዕም ስለበዛበት አይደለም። ከመጀመሪያው ሽታ እስከ መጨረሻው ጉንጭ ድረስ መልኩ ሲለዋወጥም ያው ወይን መሆኑ ሲታወቅ ነው። ይኸኛው እንደዚያ ነበር። እናንተስ የአንድ ማሳ ሲራ ስትከፍቱ የምትፈልጉት ምንድን ነው?

ጀማሪ_ቀማሽ
በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ተባረክ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሲራ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው ቁንዶ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ ይላል። እኔ ግን ምንም ያህል ባሸት አላገኘውም። ፍሬው ይሸተኛል፣ ጭሱ ይሸተኛል፣ ቁንዶ በርበሬው ግን የለም። የምቀምስበት መንገድ ነው ችግሩ? ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ላይ የማሳ ስም መኖሩ በራሱ ወይኑ የተሻለ ነው ማለት ነው?

ጥቁር_ድንጋይ
@ጀማሪ_ቀማሽ ስለ ቁንዶ በርበሬው እኔ ልመልስልህ። ይህ ሰዎች በምናብ የሚፈጥሩት ነገር አይደለም። ሽታውን የሚሰጠው ሮታንዶን የሚባል ውህድ ነው፣ ራሱ ቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለውም እሱ ነው። በሲራ ውስጥ መኖሩን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አደረጉ። መጠኑ የሚገርም ነው። በቀይ ወይን ውስጥ በሊትር 16 ናኖግራም ያህል ካለ አብዛኛው ሰው ይሸተዋል። ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው!

አሁን ወደ አንተ ስንመጣ፣ በዚያው ጥናት ላይ ከተሳተፉት ሰዎች አምስት አንዱ ያህሉ መጠኑ በብዙ እጥፍ ቢጨመርም ሮታንዶንን በውሃ ውስጥ እንኳ ማሽተት አልቻሉም። ስለዚህ አቀማመስህ ላይ ችግር ላይኖር ይችላል፣ አፍንጫህ ለዚህ አንድ ውህድ ዝግ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ጠርሙስ ከፍተው አንዱ «ቅመም በቅመም ነው» ሲል ሌላው «ፍሬ ብቻ ነው» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አይሸተኝም ብለህ አትጨነቅ። ሲራ ከቁንዶ በርበሬ ሌላ ብዙ ነገር አለው።

ሌላም ልጨምር። ሮታንዶን የሚከማቸው በፍሬው ልጣጭ ውስጥ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቦታና ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ይበዛል፣ ፀሐይ በቀጥታ ባረፈበት ዘለላ ላይ ይቀንሳል። በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ እኩል አይደለም፣ ጥላ ያለበት ጥግና ፀሐይ የሚበላው ጥግ ይለያያሉ። እንግዲህ «ማሳው ይናገራል» ሲባል አንዱ የሚናገርበት መንገድ ይኼ ነው፣ በኬሚስትሪ የሚለካ ነገር።

ቡሽ_ነቃይ
እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። የማሳ ስም በራሱ የጥራት ዋስትና አይደለም። ዋስትና የሚሰጠው ፍሬው ከየት እንደመጣ ነው፣ እሱም እንደየአገሩ ሕግ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የማሳ ስም ጠርሙስ ላይ ለመጻፍ ከፍሬው ቢያንስ 95 በመቶው ከዚያ ማሳ መምጣት አለበት። ማሳው ጥሩ ይሁን መጥፎ ሕጉ ምንም አይልም።

ደግሞ ግልጽ ልሁን፣ የአንድ ማሳ ነገር የተጋነነ ይመስለኛል። እዚያው ሮን ያለውን ኤርሚታዥን እዩ። አንድ ኮረብታ ነው፣ 140 ሄክታር እንኳ አይሞላም፣ ግን አፈሩ ከጥግ እስከ ጥግ ይለያያል። ቤሳር የሚባለው ማሳ ግራናይት ነው፣ አጥንት ያለው ጠንካራ ወይን ይሰጣል። ሜአል ጠጠር የበዛበትና ሞቃት ነው፣ ወይኑ ሞላ ያለ ይሆናል። ከ1481 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወይን ላይ ያለው የሻቭ ቤተሰብ እነዚህንና ሌሎችን ማሳዎች ለየብቻ ጠምቆ በመጨረሻ ያዋህዳቸዋል። ዣቡሌ የሚባለው አምራች የሚያወጣው ላ ሻፔልም ስሙ ኮረብታው ላይ ካለችው ትንሽ ቤተ ጸሎት የመጣ እንጂ የአንድ ማሳ ወይን ሆኖ አልተነሳም። አውስትራሊያ ሂዱ፣ ፔንፎልድስ ግሬንጅ የሚባለው ዝነኛ ወይን ጭራሽ ከተለያዩ ክልሎች የተሰበሰበ ነው። እነዚህ ወይኖች ምን ጎደላቸው?

አንድ ማሳ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው በረዶ ሲጥልበት ወይም ሙቀቱ ሲያቃጥለው መሸሻ የለውም። የሚያዋህድ ሰው ግን አንዱ ማሳ ሲደክም በሌላው ይደግፋል።

ዳገት_ላይ
@ቡሽ_ነቃይ ሻቭን የሚነካ ሰው የለም፣ በዚያ እንስማማለን። ግን ጥያቄው ሌላ ይመስለኛል። ውህዱ ወይን ሙሉ ሊሆን ይችላል። የአንድ ማሳው ደግሞ ጎዶሎነቱንም ይዞ ይመጣል፣ እኔ የምወድለትም ያንን ነው። ከቤሳር ብቻ የመጣ ወይን በልጅነቱ ድርቅ ያለ ነው፣ ሰው አያባብልም። ግራናይቱን ያለ ማለስለሻ መቅመስ ከፈለግህ ግን ሌላ መንገድ የለህም። ሻፑቲዬ የሚባለው አምራች ከዚያው ኮረብታ ሜአልን፣ ኤርሚትንና ቤሳር ላይ ያለውን ፓቪዮን ለየብቻ ያወጣል። ሦስቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው የሻቭን ውህድ ራሱ በተሻለ ይረዳዋል ባይ ነኝ።

በዚያ ላይ በረዶና ሙቀት ያልከው ለእኔ የታሪኩ አካል ነው። ዓመቱ ከባድ ከነበረ ከባድ እንደነበረ ወይኑ ሲነግረኝ ደስ ይለኛል። ያልተሳካ ዓመት የምገዛው አውቄ ነው።

ጥቁር_ድንጋይ
እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ጊጋል የሚባለው አምራች የሚያወጣቸውን ሁለት የኮት ሮቲ ወይኖች፣ ላ ሙሊንና ላ ላንዶንን፣ አነጻጽሮ «አየህ፣ አፈሩ ነው!» ይላል። ላ ሙሊን ከኮት ብሎንድ ነው፣ ላ ላንዶን ከኮት ብሩን። አንደኛው ሐር፣ ሌላኛው ብረት ይባላሉ። እውነት ነው፣ በጣም ይለያያሉ። ግን ላ ሙሊን ውስጥ አሥር በመቶ የሚያልፍ ቪዮኜ፣ ማለትም ነጭ ወይን ፍሬ፣ አብሮ ይጠመቃል። ላ ላንዶን ሙሉ በሙሉ ሲራ ነው። የኮት ሮቲ ደንብ እስከ 20 በመቶ ቪዮኜ ይፈቅዳል። ያ የአበባ መዓዛና ያ ልስላሴ ምን ያህሉ ከአፈሩ ነው፣ ምን ያህሉ ከቪዮኜው? መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ ሁለቱም ከሦስት ዓመት በላይ በአዲስ የኦክ በርሜል ይቆያሉ፣ በርሜሉም የራሱን ይጨምራል።

ማሳን በእውነት መቅመስ ከተፈለገ የተሻለው መንገድ ላ ላንዶንን ራሱን ከተለያየ እጅ መቅመስ ነው። ማሳው የአንድ ሰው አይደለም፣ ሮስታን አለው፣ ዠራን አለው፣ ደላ አለው። የአንድ ዓመት ምርታቸውን ደርድሩና በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመውን ፈልጉ። አንዱ የፍሬውን ዘንግ ሳይለቅም ሙሉ ዘለላውን ይጠምቃል፣ ሌላው ይለቅማል፣ አንዱ አዲስ በርሜል ይወዳል። ይህ ሁሉ ተለያይቶ አሁንም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ካገኛችሁ እሱ ማሳው ነው። የተለያየው የሰው እጅ ነው።

ዳገት_ላይ
@ጥቁር_ድንጋይ ይህን ነው መስማት የፈለግኩት! የዘንጉ ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። እኔ የቀመስኩት ወይን ውስጥ ከአበባው ጎን እንደ ደረቀ ቅጠልና እንደ ሻይ ያለ ነገር ነበር። ዘንጉ አብሮ የተጠመቀ ይመስለኛል። በደንብ ያልበሰለ ዘንግ ሲገባ አረንጓዴና መራራ ያደርገዋል፣ የበሰለው ግን ቅመምና ቅዝቃዜ ይሰጣል። የወይኑን ቀለምም ትንሽ ያሳሳል። ስለዚህ ፈካ ያለ ሲራ ስታዩ «ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

የድሮ_ጠርሙስ
ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ዕድሜ ነው። ስለ ማሳ ታወራላችሁ እንጂ ስለ ትዕግሥት ማንም አላነሳም። ጥሩ የኤርሚታዥ ወይም የኮት ሮቲ ሲራ በወጣትነቱ የሚያሳያችሁ ፍሬውንና በርሜሉን ነው። ከዚያ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ሽታውን ሁሉ የሚደብቅበት። ያን ጊዜ የከፈተው ሰው ገንዘቡን የጣለ ይመስለዋል። አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ቆዳ፣ የጫካ አፈር፣ የደረቀ አበባ የሚመጣው፣ ማሳና ማሳም የሚለየው ያኔ ነው። በጥሩ ዓመት የተሠራ ኤርሚታዥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይሄዳል።

ያረጀ ጠርሙስ ካላችሁ ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አተላው ወደ ታች ይወርዳል። ስትቀዱ ከአንገቱ ሥር መብራት ይኑር፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ፣ አንዴ ከጀመራችሁ መልሳችሁ አታቃኑት። አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ። የቀረው ይቅር። ዲካንተር ውስጥ፣ ማለትም ወይን አየር እንዲያገኝ በሚገለበጥበት ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ለሰዓታት ማስቀመጥም አያስፈልግም። ያረጀ ወይን አየር ሲበዛበት ይወድቃል።

ብርጭቆዬ
ጋሼ፣ ስለ አሮጌው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። ወጣቱን ግን እኔ ያለ ዲካንተር አልጠጣውም። ሲራ ሲጠመቅ በአየር እጦት የመታፈን ጠባይ አለው፣ ያ ዳገት_ላይ ያለው የክብሪት ሽታ ከዚያ የመጣ ነው። አንዳንዴም የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጎማ ይሸታል። ይሄ በአብዛኛው አየር ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ ለወጣት ሲራ አንድ ሁለት ሰዓት እሰጠዋለሁ። አየር ካገኘም በኋላ እንቁላሉ ካልለቀቀው ግን ጠርሙሱ ችግር አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ብዙ ሰው ሲራን ከሚገባው በላይ ሞቅ አድርጎ ነው የሚጠጣው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው። ከ20 ካለፈ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ አበባው ይጠፋል፣ ፍሬውም ማርማላታ ይሆናል። ያኔ የትኛውም ማሳ ከየትኛውም አይለይም። ከመክፈታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙሉ፣ ለሽታው ቦታ ይኑረው።

የድሮ_ጠርሙስ
@ብርጭቆዬ ልክ ነሽ ልጄ፣ የሙቀቱን ነገር ማንሳትሽ ጥሩ ነው። ዲካንተሩን በተመለከተ ግን ወጣቱንም ቢሆን መጀመሪያ ከጠርሙሱ ትንሽ ቅመሺው እላለሁ። ሲከፈት ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ሁለት ሰዓት ዲካንተር ውስጥ ቆይቶ ሲመጣልሽ የመንገዱን ግማሽ ሳታይው ያልፍሻል።

ብርጭቆዬ
እሺ ጋሼ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግማሹን ዲካንተር፣ ግማሹን ጠርሙስ ውስጥ ትቼ ሁለቱን አብሬ እቀምሳለሁ።

ጀማሪ_ቀማሽ
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ በተለይ የሮታንዶኑ ነገር ቀለል አድርጎኛል። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። አንድ ሲራ ቀምሼ የፈረስ ጋጣ ይሸታል። አብረውኝ ከነበሩት አንዱ «ይሄ የቦታው ጠባይ ነው፣ የሮን ሲራ እንዲህ ነው» አለ። ሌላው «ተበላሽቷል» አለ። የቱ ነው ልክ?

ቡሽ_ነቃይ
የጋጣ ሽታ ከማሳ አይመጣም። የሚመጣው ብሬታኖሚሴስ ከሚባል እርሾ ነው፣ ባጭሩ ብሬት ይሉታል። ብዙ ጊዜ በደንብ ያልጸዳ አሮጌ በርሜል ውስጥ ይኖራል፣ ሽታውን የሚሰጡት የሚያመነጫቸው ኢታይልፌኖሎች ናቸው። ጋጣ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ላብ ይሸታል። በጣም ትንሽ ሲሆን አንዳንድ ሰው ይወደዋል፣ ወይኑን የገጠር መልክ ይሰጠዋል ይላል። እኔ አልወደውም፣ ምክንያቴም ከዚህ ውይይት ጋር ይያያዛል። ብሬት የገባበት ሲራ ከየትም ይምጣ አንድ ዓይነት ይሸታል። ማሳውን ይሸፍነዋል። ለአንድ ማሳ ስም ብለህ ከፍለህ የምትጠጣው እርሾ ከሆነ ምኑ ላይ ነው ማሳው?

የተጨሰ ስጋና የወይራ ሽታን ግን ከዚህ ጋር አታምታታው። እሱ ብሬት በሌለበት ንጹሕ የሲራ ወይን ውስጥም አለ። መለያው ይሄ ነው፦ ስጋው ከፍሬውና ከአበባው ጋር አብሮ ይኖራል፣ ብሬት ግን ሲበረታ ፍሬውን ይበላዋል፣ መጨረሻው ላይም አፍ ውስጥ የብረትና የመራራ ስሜት ይተዋል። እርጥብ ካርቶን የመሰለ ሽታ ካገኘህ ደግሞ እሱ የቡሽ ችግር ነው። አየር ቢያገኝም አይለቅም፣ ወደ ሻጩ መልሰው።

ብርጭቆዬ
ሁላችሁም ሮን፣ ሮን አላችሁ፣ እኔ ስለ አውስትራሊያ ዝም ማለት አልችልም። ወይኑ ያው ነው፣ እነሱ ሺራዝ ይሉታል። በ1832 እ.ኤ.አ. ጄምስ ቡዝቢ ከአውሮፓ ወደዚያ ካደረሳቸው የወይን ሐረግ ቁርጥራጮች መካከል ነበረበት። ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ የአውሮፓን ማሳዎች የጨረሰችው ፊሎክሴራ የምትባል ተባይ ስላልደረሰችባት እስከ ዛሬ በገዛ ሥራቸው የቆሙ፣ ከመቶ ዓመት ያለፉ ተክሎች አሉ። ኤደን ቫሊ ያለው የሄንሽኪ ሂል ኦፍ ግሬስ በ1860 አካባቢ የተተከሉ ሐረጎች አሉት፣ ለብቻው ወይን ሆኖ መውጣት የጀመረው ደግሞ በ1958 ምርት ነው። አንድ ትንሽ ማሳ፣ አንድ ወይን።

ሰው ስለ አውስትራሊያ ሲያስብ የሚመጣለት ወፍራም፣ ጃም የመሰለ፣ አልኮሉ 15 የደረሰ ሺራዝ ነው። ኤደን ቫሊ ግን ከባሮሳ ሸለቆ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል። ወይኑ ሙላት አለው፣ ግን አይከብድም። ያረጀ ሐረግ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የሚያፈራው፣ ጥልቅ ሥር ስላለውም ደረቅ ዓመት ሲመጣ በቀላሉ አይደነግጥም። እዚህ የምትቀምሱት አፈር ብቻ ሳይሆን ዕድሜም ጭምር ነው። ለእኔ ከማንኛውም ላ ላንዶን ጋር እኩል ይቆማል። የፈለገ ይከራከረኝ!

ጥቁር_ድንጋይ
@ብርጭቆዬ አልከራከርሽም። የሐረጉ ዕድሜ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ስጋዬን አታንሺብኝ እንጂ። የቀዝቃዛው ሮን ጨዋማና ስጋማ መልክ እዚያ ብዙም አላገኘሁትም።

ጀማሪ_ቀማሽ
በመጨረሻ ተግባራዊ ጥያቄ። ይህን ሁሉ አንብቤ መሞከር እፈልጋለሁ፣ ግን ላ ላንዶንና ሂል ኦፍ ግሬስ የምገዛበት አቅም የለኝም። ከየት ልጀምር?

ዳገት_ላይ
ከታወቁት ስሞች ራቅ በል። ሰሜን ሮን ውስጥ ሳን ዦዜፍ አለ፣ ክሮዝ ኤርሚታዥ አለ፣ ኮርናስ አለ። ኮርናስ በደንቡ ሲራ ብቻ ነው፣ ምንም ነጭ ፍሬ አይገባበትም፣ ስለዚህ ጥቁር_ድንጋይ ያነሳው ጥርጣሬ እዚያ የለም። ከሦስቱ ግን በዋጋ ጠንከር ያለውም እሱ ነው። ሳን ዦዜፍ ውስጥ የማሳ ስም ያላቸው ጠርሙሶች ከኤርሚታዥ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ።

አገዛዙ ላይ ግን አንድ ነገር ያዝልኝ። ለብቻው አንድ ጠርሙስ አትግዛ። ከአንድ አምራች፣ የአንድ ዓመት ምርት፣ ሁለት ጠርሙስ ግዛ፦ አንዱ የተለያዩ ማሳዎቹን ያዋሐደበት ተራው ወይን፣ ሌላው የአንድ ማሳው። እጁም ዓመቱም ያው ስለሆነ ከልዩነቱ አብዛኛው ከማሳው የመጣ ይሆናል። ብቻ የአንድ ማሳው ለብቻው አዲስ በርሜል ውስጥ ቆይቶ እንደሆነ አምራቹ ከጻፈው አረጋግጥ። ቫኒላና ቡና በርትቶ ከሸተተህ እሱ በርሜሉ ነው።

ጠርሙሶቹን ወረቀት ጠቅልልባቸው፣ ሌላ ሰው ይቅዳልህ። ውድ የሆነው የቱ እንደሆነ ካወቅህ አፍንጫህ ወደዚያ ያደላል፣ የሁላችንም ያደላል። ሁለቱንም አሽትና ከመቅመስህ በፊት ጻፍ። ከዚያ ቅመስና ጻፍ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና። ቁንዶ በርበሬ ስለማይሸትህ የሌላ ሰው ማስታወሻ ከፊትህ አታስቀምጥ። ፍሬው ቀይ ነው ወይስ ጥቁር፣ ታኒኑ አፍህ ውስጥ የት ላይ ያርፋል፣ ከዋጥከው በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው፣ ምን ያህል ይቆያል፣ እነዚህን ብቻ መልስ። ከሁለቱም ትንሽ አስቀርና ቡሹን መልሰህ በማግስቱም ቅመሳቸው። ወጣት የአንድ ማሳ ሲራ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀን ላይ ይሻላል፣ ተራው ደግሞ በዚያን ጊዜ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

የጻፍከውን እዚህ ለጥፈው፣ የቱ የቱ እንደነበረ ሳትነግረን። እኛም ከማስታወሻህ ለመለየት እንሞክራለን።

ጥቁር_ድንጋይ
ሳን ዦዜፍ ከሆነ ግራናይት ላይ ያለውን ፈልግ፣ ከሞቭና ከቱርኖን አካባቢ የሚመጣውን። ስያሜው መጀመሪያ የተነሳው ከዚያ ነው፣ በኋላ ነው በጣም የሰፋው።

ጀማሪ_ቀማሽ
ተመዝግቧል። ሁለቱን ጠርሙስ እንዳገኘሁ ማስታወሻዬን እለጥፋለሁ።